የማህበረሰብ ጤና መረጃን በነጻ ሶፍትዌር መሰብሰብና መተንተን፦ ከሀዋሳ ከተማ ሁኔታ ጋር

የማህበረሰብ ጤና መረጃ ማለት በአንድ አካባቢ ስንት ሰው ታመመ፣ በምን በሽታ፣ መቼና የት፣ ስንቱ ተከተበ፣ ስንቱ ሞተ ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ ቁጥር ነው። ሐኪም አንድን በሽተኛ መርምሮ ያክማል፤ የማህበረሰብ ጤና ባለሙያ ደግሞ ቀበሌውን ወይም ከተማውን በሙሉ ይከታተላል። ለዚህ ክትትል የሚያገለግሉ ሶፍትዌሮች ዛሬ አብዛኞቹ ያለ ክፍያ ይገኛሉ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪም ሆነ በጤና ጣቢያ የሚሠራ የመረጃ ባለሙያ አንድ ላፕቶፕና አንድ ስልክ ካለው፣ መጠይቅ ከማዘጋጀት እስከ ካርታ መሥራት ድረስ ያለውን ሥራ አንድ ብር ሳያወጣ ሊሠራ ይችላል።

ሶፍትዌሩን መጫን ግማሽ ቀን አይፈጅም። ሥራው የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ከዚያ በፊት፣ ቅጹ ሲዘጋጅ ነው። ቀኑ በየትኛው የዘመን አቆጣጠር እንደሚጻፍ፣ የቀበሌው ስም እንዴት እንደሚመዘገብ፣ የሕዝቡ ብዛት ከየት እንደሚወሰድ ሳይወሰን ወደ መስክ የተወጣ እንደሆነ የትኛውም ሶፍትዌር በኋላ አያድነውም። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ በሶፍትዌሮቹ ዝርዝር ላይ ሳይሆን በእነዚህ ጉዳዮች ላይ ረዘም ብሎ ይቆያል።

መረጃው ከየት ይመጣል?

ሀዋሳ በስምንት ክፍለ ከተሞች የተከፈለች፣ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የሲዳማ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። በሐይቅ ዳር የምትገኝ በመሆኗ ወባ የዘወትር ሥጋቷ ነው። የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታልና የአዳሬ ሆስፒታል፣ ጤና ጣቢያዎቹ፣ የግል ክሊኒኮቹና ቤት ለቤት የሚሠሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሁሉ መረጃ ያመነጫሉ።

በጤና ጣቢያ የመረጃው ጉዞ የሚጀምረው ከመዝገብ ነው። ታካሚው በተመላላሽ ሕክምና መዝገብ ላይ ይጻፋል፤ ከመዝገቡ ወደ ታሊ ሺት ይቆጠራል፤ ታሊው በወር መጨረሻ ይደመርና ሪፖርት ይሆናል። ይህ ሪፖርት ዛሬ የሚገባበት ሥርዓት ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል። ሶፍትዌሩ ራሱ ነጻ ነው። መነሻው ከአፓርታይድ ማክተም በኋላ በደቡብ አፍሪካ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ልማቱን የሚመራው የኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ጊዜው «የመረጃ አብዮት» የሚለው አጀንዳ ከዘርፉ ዋና ዋና የለውጥ አጀንዳዎች አንዱ ሆኖ የተያዘበት ነበር።

ከወርሃዊው ሪፖርት ጎን ለጎን የበሽታዎች ቅኝት አለ። ይህን የሚመራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። እንደ ኮሌራ፣ ኩፍኝና በፖሊዮ የሚጠረጠር ድንገተኛ የአካል መዛል ያሉት ሲገኙ ጤና ተቋሙ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚቀጥለው እርከን ማሳወቅ አለበት። ወባ፣ ማጅራት ገትር፣ የአንጀት ተስቦ፣ አጣዳፊ የምግብ እጥረትና ሌሎችም በየሳምንቱ ይሪፖርታሉ።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን ዘወትር የሚያደናግር ነገር አለ። የአንድ ጤና ጣቢያ የወባ ቁጥር በወርሃዊው ሪፖርትና በሳምንታዊው ቅኝት ሲደመር አይገጥምም፤ ብዙ ጊዜም ስህተት ስለተሠራ አይደለም። ወርሃዊው የሪፖርት ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከወሩ 21 ቀን ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ወር 20 ቀን ድረስ ነው። የቅኝቱ ሳምንት ደግሞ ሰኞ ይጀምራል፣ እሑድ ያበቃል፤ የሳምንቱ ተራ ቁጥርም በፈረንጆች ዓመት የሚቆጠር ነው። ሁለቱን አጠጋግቶ ማነጻጸር የሚቻለው የቀን መረጃ ሲኖር ብቻ ነው። በተጨማሪም ጳጉሜ የራሷ ወርሃዊ ሪፖርት የላትም፤ የምትወድቅበት የሪፖርት ጊዜ 35 ወይም 36 ቀን ይሆናል። አምስት ቀን በሰላሳ ላይ ሲጨመር ወደ 17 በመቶ የሚጠጋ ጭማሪ ነው። የወባ ወቅት የሚጀምረውም ክረምቱ ሲወጣ በመሆኑ፣ በግራፉ ላይ የሚታየው የመስከረም ዕድገት ምን ያህሉ ከወባው፣ ምን ያህሉ ከጳጉሜ እንደመጣ ለመለየት በቀን ማካፈል ያስፈልጋል። ቀላል ሥራ ነው፤ ሲደረግ ግን እምብዛም አይታይም።

መደበኛው ሥርዓት የማይመልሳቸው ጥያቄዎችም ብዙ ናቸው። ጤና ጣቢያ ያልመጣው ሰው በመዝገብ ላይ የለም። አጎበር የተሰጠው ቤተሰብ አጎበሩን ይሰቅለው እንደሆነ፣ እናቶች ለምን ክትባት እንደሚያቋርጡ፣ በአንድ ድግስ ላይ ሰዎች ለምን እንደታመሙ የሚታወቀው ቤት ለቤት ሄዶ በመጠየቅ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የሚያገለግሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ነው።

«ነጻ» ሲባል ምን ማለት ነው?

በአማርኛ «ነጻ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይይዛል፦ ክፍያ የሌለውንም፣ ነጻነት ያለውንም። ኢፒ ኢንፎ፣ ኢፒዳታ፣ ኦዲኬ፣ ኮቦ ቱልቦክስ፣ አር እና ኪውጂአይኤስ ሁሉም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ከእነዚህ መካከል እንደ አር፣ ኪውጂአይኤስና ዲኤችአይኤስ 2 ያሉት ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት ነው፤ የፈለገ አገር እንደ ፍላጎቱ ሊያስተካክላቸው ይችላል። ዲኤችአይኤስ 2 በኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር የሚሠራውም ይህ ነጻነት ስላለ ነው።

ሦስተኛ ዓይነት «ነጻ» አለ፤ እሱም በፍላሽ የሚዞረው የተሰበረ የኤስፒኤስኤስ ወይም የስታታ ቅጂ ነው። በተማሪዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም አይመከርም። ከፈቃዱ ጉዳይ ሌላ ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ የአንድ ዓመት መረጃ በአንድ ሌሊት የጠፋበት ተማሪ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። የኤስፒኤስኤስን መልክ የለመደ ሰው ፒኤስፒፒን ቢሞክር ብዙ ሳይቸገር ይላመደዋል።

ቅጹን ማዘጋጀት

በስልክ መረጃ ለመሰብሰብ በብዛት የሚያገለግሉት ኦዲኬ እና ኮቦ ቱልቦክስ ናቸው። ኦዲኬ እ.ኤ.አ. በ2008 በሲያትል ከተማ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረ ነው። ኮቦ በእሱ ላይ ተመሥርቶ በሃርቫርድ የሰብዓዊ እርዳታ ጥናት ማዕከል የተሠራ ሲሆን፣ የራሱ ሰርቨር ስላለው ለጀማሪ ይቀላል። የኮቦ ነጻ አካውንት በወር የሚቀበለው ቅጽ ብዛት ገደብ አለው፤ ለመመረቂያ ጽሑፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሁለቱም ቅጹን የሚያነቡት በኤክሴል መልክ ከተዘጋጀ ሠንጠረዥ ነው፤ ሠንጠረዡን ለመሥራት ሊብረኦፊስ ካልክም ይሆናል። በመስክ ላይ ኢንተርኔት አያስፈልግም። ቅጹ ስልኩ ላይ ይሞላል፤ ማታ ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል።

አንድ ቅጽ ከአንድ በላይ ቋንቋ መያዝ ይችላል። ሀዋሳ ውስጥ ይህ ትርፍ ነገር አይደለም። በሲዳሙ አፎ የሚመልሰውን ሰው በአማርኛ ጠይቆ ጠያቂው በየቤቱ በራሱ ቃል እንዲተረጉም መተው፣ ጥያቄው ከቤት ቤት እንዲለያይ መፍቀድ ነው። መጠይቁ አስቀድሞ ይተረጎማል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ወደ መጀመሪያው ቋንቋ ይመልሰዋል፤ ልዩነቱ ታይቶ ይታረማል። ሲዳሙ አፎ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ስለሆነ ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ቅጽ ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ችግር አይፈጥሩም።

የቦታ ስም። የከተማዋን ስም ብቻ እንውሰድ። አንዱ ጠያቂ «ሀዋሳ» ይጽፋል፤ ሌላው «ሐዋሳ»፤ ሦስተኛው «ሃዋሳ»፤ በዕድሜ ጠና ያለው ደግሞ እንደ ድሮው «አዋሳ»። ለአንባቢ አራቱም አንድ ናቸው። ለኮምፒውተር አራት ከተሞች ናቸው። የመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ስም ደግሞ ከዚህም በላይ በሆነ መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት ባሉበት ቋንቋ የቦታ ስም በእጅ እንዲጻፍ መፍቀድ አያዋጣም። ክፍለ ከተማውም ቀበሌውም ከዝርዝር የሚመረጡ ይሁኑ፤ ክፍለ ከተማው ሲመረጥ የእሱ ቀበሌዎች ብቻ እንዲታዩ ማድረግ በሁለቱም ሶፍትዌሮች ይቻላል። በመረጃ ቋቱ ውስጥ የሚቀመጠው ስሙ ሳይሆን የቁጥር ኮድ ቢሆን ይሻላል።

የሰው ስምም ያው ነው። የቤተሰብ መጠሪያ ስለሌለን ሰውን የምንለየው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» የሚሉት ልዩነቶች አንዱን ሰው ሁለት ያደርጉታል። ተመሳሳይ ሰው በሁለት ዙር የሚጠየቅበት ጥናት ከሆነ ለእያንዳንዱ መለያ ቁጥር መስጠት ግድ ነው።

ቀን። ይህ ከሁሉ የከፋው ወጥመድ ነው። ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ነው፤ እናት የልጇን ልደት የምታውቀው በእኛ ነው። ጥር 10 ቀን 2014 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን በፈረንጆች አቆጣጠር የተወለደው ጃንዋሪ 18 ቀን 2022 ነው። ጠያቂው ሳያስተውል 10፣ 5፣ 2014 ብሎ በፈረንጆቹ ቦታ ቢያስገባው ሕፃኑ በሜይ 2014 የተወለደ ይሆናል። በጥር 2017 ዓ.ም. ሦስት ዓመት የሞላው ልጅ በመረጃው ላይ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኖ ይገኛል። ጥናቱ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን የሚመለከት ከሆነ ልጁ ከስሌቱ ይወጣል፤ ክትባት ያልወሰደው እሱ ከነበረም አብሮ ይወጣል። ስህተቱ ደግሞ አይጮኽም፤ ቀኑ ትክክለኛ ቀን ስለሚመስል ሶፍትዌሩ ይቀበለዋል።

መፍትሔው በኦዲኬና በኮቦ የስልክ መተግበሪያ ውስጥ አለ፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም። በቅጹ ሠንጠረዥ ላይ አፒራንስ በሚባለው ዓምድ፣ ከቀን ጥያቄው ትይዩ «ኢትዮጵያን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ትናንሽ ፊደላት መጻፍ በቂ ነው። ጠያቂው የሚያየው መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር ይሆናል። የሚቀመጠው መረጃ ግን በራሱ ወደ ፈረንጆች ተለውጦ ስለሆነ ትንተናው አይቸገርም። ይህ የሚሠራው በስልኩ መተግበሪያ ላይ ነው፤ ቅጹን በኢንተርኔት ማሰሻ የሚሞላ ሰው ይህን ማግኘት ስለማይችል ሁለቱን ዘዴ አለመቀላቀል ይመከራል። በወረቀት የሚሰበሰብ ከሆነ ቀን፣ ወርና ዓመት በሦስት የተለያዩ ሳጥኖች፣ ሁሉም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይጻፉ፤ ልወጣው በኋላ በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀመር ይሠራ። ልወጣው ስምንት ዓመት መደመር ብቻ አለመሆኑ አይረሳ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ መስከረም 1 ደግሞ እንደ ዓመቱ ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ ይውላል።

የሰዓት ጉዳይም አለ። «ትኩሳቱ የጀመረው ሁለት ሰዓት ላይ ነው» ያለ ሰው ጠዋት ከሆነ በስልኩ አቆጣጠር 8 ሰዓት ማለቱ ነው። በምግብ መመረዝ ምርመራ ላይ ከተበላበት እስከታመመበት ያለው ሰዓት የበሽታውን መንስኤ ስለሚጠቁም ስድስት ሰዓት መሳሳት ቀላል አይደለም። ይህን ሶፍትዌሩ አያስተካክለውም፤ ጠያቂዎቹ በሥልጠና ጊዜ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ላይ መስማማት አለባቸው።

ዕድሜውን የማያውቅ ሰው 30፣ 35፣ 40 ብሎ በሙሉ ቁጥር ይመልሳል። በጥናታችሁ ውስጥ 39 እና 41 ዓመት የሆነው ሰው ጥቂት፣ 40 የሆነው ብዙ ከሆነ ይህ መሆኑን ተረዱ። ለሕፃናት የክትባት ካርዱን ጠይቆ ማየት፣ ካርድ ከሌለ «ከጥምቀት በፊት ነው ከፋሲካ በኋላ?» እያሉ በበዓላትና በታወቁ ክስተቶች ማስታወስ የቆየና የሚሠራ ዘዴ ነው። በሀዋሳ እንደ ፍቼ ጨምበላላ ያለው በዓል ለዚህ ይጠቅማል፤ ቀኑ በየዓመቱ ስለሚለያይ ግን የዓመቱን ቀን አስቀድሞ ማወቅ ይጠይቃል።

የወረቀት መጠይቅን ማስገባት

በወረቀት ለተሰበሰበ መረጃ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ለዓመታት የኖረው ኢፒዳታ ነው፤ የዴንማርክ ሥራ ነው። «መረጃው በኢፒዳታ 3.1 ገብቶ ወደ ኤስፒኤስኤስ ተላከ» የሚለው ዓረፍተ ነገር የሌለበት የአገራችን የጤና ጥናት ማግኘት ያዳግት ነበር። የ3.1 ቅጂ የግዕዝ ፊደልን አይቀበልም፤ በእሱ የሚሠራ ሰው ኮድ ብቻ ማስገባት አለበት። አዲሱ የኢፒዳታ ቅጂ ይህ ችግር የለበትም። ዋናው ጥቅሙ ሁለት ሰዎች አንዱን መጠይቅ ለየብቻ አስገብተው ሶፍትዌሩ ልዩነታቸውን እንዲያሳያቸው ማድረጉ ነው። ሁሉንም ሁለት ጊዜ ማስገባት ካልተቻለ ከአሥር አንዱን እንኳ ማድረግ የስህተቱን መጠን ያሳውቃል።

የጤና ተቋማት የራሳቸውን ሪፖርት የሚፈትሹበት ዘዴም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየወሩ 12 የመረጃ ነጥቦች በዕጣ ይመረጡና በሪፖርቱ ላይ ያለው ቁጥር ከመዝገቡ ጋር ይመሳከራል። ይህን ለማድረግ ኮምፒውተር እንኳ አያስፈልግም።

ትንተናው

ኢፒ ኢንፎ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ሥራ ሲሆን የመጀመሪያው ቅጂ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። የተሠራው ወረርሽኝ መሐል ሆኖ ለሚሠራ ባለሙያ ነው፦ ቅጽ ይሠራል፣ መረጃ ያስገባል፣ ይተነትናል፣ ካርታ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 በምዕራብ አፍሪካ ኢቦላ በተነሳ ጊዜ የታማሚዎችንና የንክኪዎቻቸውን መረጃ ለመያዝ ያገለገለው አንዱ መሣሪያ እሱ ነበር። በኮምፒውተር ላይ የሚሠራው በዊንዶውስ ብቻ ነው። ለፈጣን ስሌት ኦፕንኢፒ የሚባለውም አለ፤ በማሰሻ ውስጥ ስለሚሠራ መጫን አይፈልግም።

ምን እንደሚሠሩ ለማሳየት ለስሌት ብቻ የተፈጠረ ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ ድግስ ላይ ከነበሩ 80 ሰዎች መካከል 32 ተቅማጥ ያዛቸው። ካልፈላ ውሃ በተሠራ ብርዝ ላይ ጥርጣሬ አለ። ብርዙን ከጠጡት 40 ሰዎች 24 ታመሙ፤ ይህ 60 በመቶ ነው። ካልጠጡት 40 ሰዎች 8 ታመሙ፤ 20 በመቶ። 60 ለ20 ሲካፈል 3 ይሆናል፤ ብርዙን የጠጣ ሰው የመታመም ዕድሉ ካልጠጣው ሦስት እጥፍ ነበር ማለት ነው። እነዚህን አራት ቁጥሮች በኢፒ ኢንፎ ስታትካልክ ውስጥ ብታስገቡ ኦድስ ሬሾ የሚባለውንም ያወጣል፤ እሱ እዚህ 6 ነው። በዚህ ምሳሌ «ስድስት እጥፍ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። የድግሱ ተሳታፊዎች በሙሉ ስለሚታወቁ ትክክለኛው መለኪያ 3 ነው። ኦድስ ሬሾ ቦታው፣ የተጋለጡት በሙሉ በማይታወቁበትና ታማሚዎች ከጤነኞች ጋር በሚነጻጸሩበት ጥናት ነው። ሶፍትዌሩ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣል፤ መምረጡ የሰው ሥራ ነው።

ለሀዋሳ የበለጠ የዘወትር ጉዳይ የሆነው ደግሞ የወባ ጣሪያ ነው። ወባ ሁልጊዜ ባለበት ከተማ «ወረርሽኝ ነው?» የሚለውን ለመመለስ ያለፉት አምስት ዓመታት የተመሳሳይ ሳምንት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። አሁንም ምሳሌ ነው፦ የአንድ ጤና ጣቢያ የ40ኛው ሳምንት ታማሚዎች ባለፉት አምስት ዓመታት 18፣ 25፣ 22፣ 40 እና 31 ነበሩ እንበል። በቅደም ተከተል ሲቀመጡ 18፣ 22፣ 25፣ 31፣ 40 ናቸው። ጣሪያው ሦስተኛው ሩብ፣ ማለትም ከላይ ሁለተኛው ቁጥር ነው፤ 31። በዚህ ሳምንት 37 ሰው ከተመዘገበ ጣሪያው ታልፏል፤ ለከተማው ጤና መምሪያ መደወል ያስፈልጋል። የአምስት ዓመት መረጃ ከሌለ ያለፈው ዓመት ቁጥር በሁለት ተባዝቶ ይወሰዳል። ይህን በሊብረኦፊስ ካልክ በአንድ ቀመር ማስላት ይቻላል።

ከአምስቱ ዓመታት አንዱ ራሱ የወረርሽኝ ዓመት ከነበረ ግን ጣሪያውን ያለ ልክ ከፍ ያደርገዋል፤ አውጥቶ በሌላ ዓመት መተካት ይገባል። የመመርመሪያ ኪት በጠፋባቸው ሳምንታት የተመዘገበው ትንሽ ቁጥር ደግሞ የወባ መቀነስ አይደለም። ይህን የሚያውቀው ላቦራቶሪው ውስጥ የነበረ ሰው ነው፤ ስለዚህ ግራፉን ከመሥራት በፊት እሱን ጠይቁ።

ሥራው በየሳምንቱ የሚደጋገም ከሆነ አር ይሻላል። አርን የጀመሩት በኒውዚላንድ የኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ መምህራን የነበሩት ሮስ ኢሃካ እና ሮበርት ጀንትልማን ናቸው። መማሩ ጊዜ ይፈጃል፤ አንዴ የተጻፈው ትዕዛዝ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ድካም ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሉብሪዴት በተባለው የአር ጥቅል ውስጥ የሳምንት ቁጥር የሚሰጡ ከአንድ በላይ ትዕዛዞች አሉ። «ኢፒዊክ» የሚባለው ሳምንቱን እንደ አሜሪካኖቹ እሑድ ይጀምራል፤ «አይሶዊክ» ሰኞ ይጀምራል። ለእኛ ቅኝት የሚስማማው ሁለተኛው ነው። ስሙ «ኢፒ» ስላለው ብቻ የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው የእሑድ ታማሚዎቹን ሁሉ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይጥላቸዋል።

ስለ ናሙና ብዛት ትንሽ እንበል። የጤና ሳይንስ ተማሪ ሁሉ 384 እና 423 የሚሉትን ቁጥሮች ያውቃል። የመጀመሪያው የሚገኘው ምጣኔው 50 በመቶ፣ የስህተት ልኩ 5 በመቶ ተብሎ ሲሰላ ነው፤ ሁለተኛው 10 በመቶ ላይመልሱ ይችላሉ ተብሎ ሲጨመርበት። 50 በመቶ የሚወሰደው ቀድሞ የተሠራ ጥናት በማይኖርበት ጊዜ ነው። በሀዋሳ ዙሪያ ብዙ ጥናት በተሠራበት ርዕስ ላይ 423 ይዞ መቅረብ ቀድሞ የተጻፈውን አለማንበብን ያሳያል። ቀበሌዎች ተመርጠው በውስጣቸው ቤቶች የሚመረጡ ከሆነም ቁጥሩ በዲዛይን ኢፌክት መባዛት አለበት፤ በሁለት ቢባዛ 845 ይደርሳል።

አካፋዩ ማነው?

ከመቶ ስንት እንደተከተበ ለማወቅ መቶው መታወቅ አለበት። የመጨረሻው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው። ሀዋሳ ደግሞ ከቆጠራው በኋላ የተለወጠች ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ብቻ በአብዛኛው ወጣት ሴቶች የሆኑ በርካታ ሠራተኞችን ከገጠር ስቧል። እነዚህ ሴቶች በየቀበሌው በኪራይ ቤት ሦስትም አራትም ሆነው ይኖራሉ። የሚወልዱት፣ የሚታመሙትና የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት የሚያገኙት በከተማው ነው፤ በቆየው ግምት ውስጥ ግን በአግባቡ ላይኖሩ ይችላሉ። ከአጎራባች ወረዳዎች ለሕክምና የሚመጣውም ሰው የከተማው ታካሚ ሆኖ ይቆጠራል።

ስለዚህ አንድ ጤና ጣቢያ የክትባት ሽፋኑ 112 በመቶ ሆኖ ቢያገኘው መጀመሪያ ሊጠረጥር የሚገባው አካፋዩን ነው። አደገኛው ግን 112 አይደለም፤ እሱ ስህተት መሆኑን ራሱ ይናገራል። አደገኛው 95 በመቶ ነው። አካፋዩ ከእውነተኛው በታች ሆኖ የመጣ 95 በመቶ ማንንም ሳያስደነግጥ ያልፋል፤ ኩፍኝ ሲነሳ ነው ስንት ሕፃን እንዳልተከተበ የሚታወቀው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በየቤቱ የመዘገቡት የቤተሰብ ማህደር በጥሩ ሁኔታ በተያዘበት ቀበሌ ከግምቱ ጋር ማነጻጸር ጠቃሚ ነው።

ካርታ ለመሥራት ኪውጂአይኤስ አለ። በስልኩ ጂፒኤስ የተመዘገበ ቦታ በቀጥታ ይገባበታል። የወባ ታማሚዎች ቤት ከሐይቁ ዳርቻና ውሃ ከሚያቁሩ ቦታዎች ምን ያህል እንደሚርቅ በአንድ ከሰዓት ሥራ ማየት ይቻላል። ሆኖም የታማሚን ቤት በነጥብ የሚያሳይ ካርታ ለስብሰባ አይወጣም፤ ወደ ቀበሌ ተጠቃሎ ይቅረብ።

ፈቃድና ምስጢር

ለምርምር የሚሰበሰብ መረጃ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ወደ ጤና ተቋም ለመግባትም ከከተማው ጤና መምሪያ የትብብር ደብዳቤ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹት መካከል ያደርገዋል።

ስም መሰረዝ ብቻውን ምስጢር አይጠብቅም። በአንድ ትንሽ ቀበሌ ውስጥ «የ19 ዓመት፣ ሴት፣ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ኤችአይቪ በደሟ ያለ» የሚል አንድ ረድፍ ያለ ስም ቢወጣም ጎረቤት ያውቃታል። ለትንተና በሚላከው ፋይል ላይ ዕድሜ በክልል፣ ቦታ በክፍለ ከተማ ይሁን፤ በሠንጠረዥ ውስጥ ከአምስት በታች የሆነ ቁጥር ካለ ከሌላው ጋር ይጠቃለል። ስሞችን ከመለያ ቁጥር ጋር የሚያገናኘው ዝርዝር በሌላ ፋይል፣ በይለፍ ቃል ተቆልፎ ይቀመጥ። ኦዲኬም ኮቦም ቅጹ ከስልኩ ሳይወጣ እንዲመሰጠር ያደርጋሉ፤ ቁልፉ ከጠፋ ግን መረጃው በማንም አይከፈትም፤ ስለዚህ ቁልፉን ሁለት የታመኑ ሰዎች ይያዙት። ጠያቂዎቹ የራሳቸውን ስልክ ከተጠቀሙ ሥራው ሲያልቅ ቅጾቹ ከስልኩ መጥፋታቸውን በዓይን ማየት ያስፈልጋል። የመጠይቁን ፎቶ በቴሌግራም መላላክ ቀላል ቢሆንም አይፈቀድ።

ከመስክ የመጣው የመጀመሪያው ፋይል እንዳለ፣ ሳይነካ ይቀመጥ፤ ማስተካከያው ሁሉ በቅጂው ላይ ይሠራ። የትኛው ቁጥር ለምን እንደተለወጠ በአንድ ማስታወሻ ላይ ከነቀኑ ይጻፍ። ኮዶቹ ምን ማለት እንደሆኑ የሚገልጸው ዝርዝርም አብሮ ይኑር፤ 1 ወንድ ነው ወይስ ሴት፣ 99 ዕድሜ ነው ወይስ «አላውቅም» የሚለው ከሁለት ዓመት በኋላ መረጃውን ለሠራው ሰው ራሱ እንኳ አይታወሰውም። መብራት በሚጠፋበት ሳምንት ሥራው እንዳይቆም የስልኮቹ ፓወር ባንክ በየማታው ይሞላ፤ የፋይሉም አንድ ቅጂ ከላፕቶፑ ውጭ፣ በሌላ ሕንፃ ውስጥ ይኑር።